ሪስካቶ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቶሪኖ፣ ምድር ቤቱ ክፍል፣
ልጆቹን ሰብስቤ ቃል ስፈታ በቃል፣
«ቤዛ» ብዬ ጻፍሁኝ፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ።
ኤፍራታ ቀደመች፦ «ጋሼ፣ ፒዛ ነው ወይ?»

ሳቁ እስኪያልፍ ቆምሁ። ደግሞ ገባሁበት፤
«ምትክ ነው፤ መዋጃ፤ ስለ ሌላ መሞት…»
አንዱን ድፍን ቃል በሌላ ድፍን ቃል ስሰብር፣
ዓይናቸው ሸሽቶ ሄደ፣ በመስኮቱ ከሚያልፈው እግር ጋር።

ማክሰኞ ወይዘሮ ስንቅነሽ ጠሩኝ፣ ጣልያንኛ ላነብ፤
ወርቅ መያዣ ቤት፣ ሰልፍ ይዘን፣ በዝናብ።
የድሮ ሰው ይህን ቤት «የምሕረት ተራራ» ይለው ነበር አሉ፤
ከመስታወቱ ኋላ ግን በግራም ነው ሁሉ።

ባለ መነጽሩ ጸሐፊ ቀለበት መዘነ፤
«ሪስካቶ» ሲል ማኅተም መታ፤ ልቤ ባነነ።
ያ ቃል ነው! እሑድ ዕለት አፌ ላይ የሞተው፣
እዚህ በሰማያዊ ቀለም በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚመታው።

«የእርስዎ ነው?» አልኋቸው።
«ምን በወጣኝ! የጽጌማርያም ናት፤
ሁለት ዓመት አለፈን ከተዘጋጋን፣ ከጠላኋት።»
የሦስት ወር ደመወዝ፣ ሽማግሌ ሲያገላብጡ የከረሙበት፣
በመስታወቱ ሥር አንድ ባንድ ቆጠሩት።

«ታውቃለች?»
«ማን ይነግራታል? ፖስታ ሣጥኗ ውስጥ እጥለዋለሁ፤
አንተም አፍህን ያዝ።»
ያዝሁ። ስም ለውጬ እጽፋለሁ።

እሑድ ስመለስ ቃሉ አልጠፋም ከሰሌዳው፤
ከጎኑ አንዱ ልጅ ስምንት ቁራጭ ፒዛ ስሏል፤ አልጠረግሁትም፣ ተውሁት እንዳለው።
«ሒሳቡን» አልሁ፣ «ማን ነው የሚከፍለው?»