አውራ ጣት

ከሄኒንግስቬር ወደብ፣ ከዓሣ መጋዘን ጥግ፣
ሸራዬን ወጥሬ የሌት ባሕር ስፈልግ፣
ጥቁር ያልኩት ሁሉ ጥቁር አልነበረም፤
በዘይት ሳሸው ጊዜ ድፍን ሆኖ አልቀረም።
አረንጓዴ አወጣ፣ ወይን ጠጅ አወጣ፣
ከሥሩ የመልሕቅ ዝገት ቀስ እያለ መጣ።

ጨረቃዋ ግን እንቢ! ነጭ ብደርብባት፣
ሳህን ሆና ቀረች፣ ምስማር ላይ የሰቀሏት።
ሦስቴ በቢላ ፋቅኋት፣
ሦስቴ መለስኋት።

ሲግቫርት ገባ ድንገት፣ ቦት ጫማው እንደራሰ፣
ሸራዬን ቆሞ አየ፣ ጢሙን እየዳሰሰ።
«ማዕበሉ ወደ ውጭ፣ ነፋሱ ወደ ቤት፤
ጀልባዬን አላወጣም እንዲህ ባለ ሌሊት!
እዚህ ጋ...» አለና፣ ሳልይዘው እጁን፣
እርጥቡ ቀለም ላይ አሳረፈው ጣቱን።
«ውሃ የሚሰበረው እዚህ ነው» አለ፤
ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ ቀጠለ።

ሲወጣ ፋኖሱን አስጠጋሁ።
ስልሳ ዓመት ገመድ የሞረደው አውራ ጣት፣
ስንጥቅጥቁ ሳይቀር ዘይቱ ውስጥ ታትሞ፣
ብሩሼ ያልያዘውን ብርሃን ይዟል።

ጨረቃዋን ለአራተኛ ጊዜ ፋቅኋት።
አልመለስኋትም።

ሌት ሌት ጫፉን በጥፍሬ እነካለሁ፤
ሦስት ወር ሆነው፣
ገና አልደረቀም።