የመረቡ ዓይን

የነሐሴ ዓርብ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት አልፏል፤
ዝናቡ የሐዋሳን ባጃጅ ሁሉ አሳርፏል።
ተረኛ ነኝ። ዐሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ
አሣ አጥማጁ ሻሎ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ከላይ
ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤
የጥርሱ ግጭት እስከ ኮሪደር ይሰማል።

ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፤
የደም ግፊቱ ሰማንያ በአርባ።
ከቱቦው የወረደው ሽንት እንደ ጎርፍ ድፍርስ፣
ጎኑን መታ ባደርገው ቃተተ፣ ግንባሩ በላብ እስኪርስ።

ልጁ ቡሪሶ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፦
“ዶክተር፣ የለመዳትን መርፌ ስጪው፤ እሷ ናት የምታድነው።”
አየሁት። በሰኔ ሴፍትሪያክሶን። በሐምሌም ሴፍትሪያክሶን።
አንዴ ሦስት ቀን፣ አንዴ ሁለት፣ ገንዘቡ እስኪያልቅ ብቻ።
እንግዲህ ጀርሙ ለምዷታል፤ እንደ ሰፈር ውሻ ያውቃታል፤
ስትመጣ አይጮኽባትም፤ ጅራቱን ይቆላላታል።

ጄንታሚሲን አለ። ርካሽ ነው፣ መደርደሪያው ሞልቷል፤
የላብራቶሪው ወረቀት ግን ክሬቲኒኑን ሁለት ነጥብ አራት ብሏል።
እያነከሰ ላለ ኩላሊት ሌላ ሸክም ማሸከም…
ጀርሙ ይሞት ይሆናል፤ ሰውየውም አብሮ ይደክም።

ሜሮፔኔም ቀረ።
ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ስድስት ብልቃጥ፣
ያለ ፊርማ የማይወጣ፣ ያለ ምክንያት የማይሰጥ።
ፋርማሲስቷ ትርንጎ ቁልፉን በጣቷ ታሽከረክራለች፦
“ለመጣው ሁሉ ከከፈትነው፣ ነገ ይቺም ትለመዳለች።”

ልክ ናት። ሽንቱም ደሙም ሳህን ላይ ተዘርቷል፤
ጀርሙ ስሙን እስኪናገር ሁለት ሦስት ሌሊት ይፈልጋል።
ለኔ ፈረቃ ነው ያ። ለሻሎስ?

ሰምቶን ኖሯል። ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፁ ወጣ፦
“ልጆች፣ ስለ መረብ ነው የምታወሩት?” ትርንጎ ሳቋ መጣ።
“ድሮ የመረቡን ዓይን በሦስት ጣት ለክተን ነበር የምንቋጥረው፤
ትልቁ ይያዝ፣ ጫጩቱ ይለፍ ብለን።
ኋላ ሁለት ጣት ሆነ። ኋላ አንድ።
የቆሮሶ ጫጩት፣ የአምባዛ ጫጩት፣ ሁሉም ታፍሶ ተሸጠ፤
ያን ጊዜ ጠገብን፤ በዓመቱ ሐይቁ ፊቱን ለወጠ።”
ትንፋሹን ፈለገ። አገኘው።
“ግን ልጄ… ሰው ሲሰጥም ካየሽ
የእጅሽን መረብ ትወረውሪያለሽ። ቆመሽ ዓይኑን ትለኪያለሽ?”

ፈረምኩ። ትርንጎ ከፈተች።
የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ጠብታ በጠብታ ወረደች።

ቅዳሜ ጧት ላብ አሰመጠው። ማታ ሾርባ ጠየቀ፤
“ይሄ የሐይቅ አሣ አይደለም፣ የፍሪጅ ነው” ብሎ ናቀ።
እሑድ ሽንቱ ጠራ። ክሬቲኒኑ አንድ ነጥብ ሁለት ገባ።
እኔ ወንበር ላይ አንቀላፋሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ሰኞ ጧት ወረቀቱ መጣ፤ ጀርሙ ስሙን ተናግሯል፦
ለሴፍትሪያክሶን እምቢ፣
ለሲፕሮፍሎክሳሲን እምቢ፣
ለጄንታሚሲንም እምቢ።
ለአሚካሲን ግን እሺ ብሏል።

“ልቀይርለት ነው” አልኩ፣ “በቀን አንዴ፣ ኩላሊቱን እየለካሁ።”
ቡሪሶ ተቆጣ፦ “ያሻለውን መድኃኒት? ለቁጠባ ብለሽ?”
የምለው ጠፋኝ። ስለ ነገ ላወራው? ስለማያውቀው ሰው?
አባቱ አልተናገረም።
ሦስት ጣቱን ገጥሞ ወደ ልጁ ዓይን አነሣ፤
ቡሪሶ ጣቶቹን አየ፣ አየ፣ ቁጣውን ረሳ።

ከስድስቱ አንዷ ተርፋለች። ትርንጎ መልሳ ቆለፈች።
የማን እንደሆነች አላውቅም። ጨለማ ውስጥ ቆማለች።
በር ላይ አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር
ዓይኔ ወደዚያ ትሄዳለች።