የማላውቃት እጅ

ደመወዝ የወጣ ’ለት፣ ከቢሮ ስወጣ፣
ጦሳ ብርዱን አዝሎ ወደ ከተማ ሲመጣ፣
ሌላው ወደ ዕቁቡ፣ ወደ ባንክ ሲያመራ፣
እኔ ወደ ሆዴ፣ ሆዴም ከእኔ ጋራ።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ በመንገድ ሥራ መጋዘን፤
የሰው ሲሚንቶ ስቆጥር፣ የሰው ብረት ስመዝን
እውላለሁ ሠላሳ ቀን፤
ለራሴ የምመዝነው አንድ ምሽት፣ አንድ ሳህን።

ደሴን በቀበሌ አላውቃት፣ በቁጥርም በጎዳና፤
የእኔ ካርታ የሚነበብ በምላስ ብቻ ነውና።
ፒያሳ ማለት ለእኔ የጧት ፉል ነው በቃሪያ፤
መናኸሪያ ማለት ቅቅል፣ የሾፌሮች ማንቂያ፤
ሆጤ ማለት የሐይቅ ዓሣ፣ ሎሚ እላዩ ያለቀሰ፤
ቧንቧ ውሃ አንድ ቤት አለ፣
ወጡ የሰፈሩን ስም የወረሰ።

በልቻለሁ ፎቅ ላይ፣ ወንበሩ ልብስ በለበሰበት፣
አስተናጋጁ እንደ ሚዜ በሚያጎነብስበት።
ሳህኑ ሰፊ፣ እንደ ሜዳ፤
ጥብሱ ሦስት ፍሬ፣ መንገድ እንደ ጠፋው እንግዳ።
ከፍዬ ወረድኩ። ከሥር ካለው ሱቅ
ብስኩት ገዝቼ በላሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ስጠነቀቅ።

እንዲህ ስዞር ነው ያገኘኋት፣
ሸርፍ ተራ ጀርባ፣ ታፔላዋን ዝናብ የበላት
አምስት ጠረጴዛ ቤት።
«ዱለት» አልኩ። መጣ።
ጉበቱ ሳይደርቅ በስሎ፣ ጨጓራው ጥርስ ሳያታክት፣
ሚጥሚጣው ቀድሞ ሲናገር፣ ቅቤው ሲሸመግልበት፣
ከሁሉም ኋላ፣ ምላስ ሥር፣
ጦስኝ በሩን ስታንኳኳበት።

ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት፣ የላስቲክ መጋረጃ ያላት፤
ሳህን ይገባል፣ ሳህን ይወጣል፣ ሰው ግን አይታይባት።
አልጠየቅሁም። ያቺን የማላውቃት እጅ
በልቤ እንሶስላ አሞቅኋት፣
ቀለበት አጠለቅሁላት፣
ስምም አወጣሁላት፦ ዘምዘም።
ሁለት ዓመት እሷ አበሰለች፣ እኔ ጎረስኩ፤
ከጉርሻዋ ሌላ ወሬዋንም አልቀመስኩ።

በአንድ ሐምሌ፣ ጭጋጉ ደጅ ላይ ሲንጋጋ፣
ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሳህን፣ ያው ዋጋ፤
ጎረስኩ። ጉርሻው ባዳ ሆነብኝ፣
እንደ እንግዳ ማረፊያ አልጋ።
ጦስኝ የለችም።
ሄዳለች።

ሦስት ደመወዝ ጨረስኩ፣ ዱለት እያሳደድኩ፣
ከሳላይሽ እስከ ሮቢት ጉበት እያሽተትኩ።
ኮምቦልቻም ወረድኩ፣ በጧት ሚኒባስ፤
ሙቀቱ ደግ ነው፣ ዱለቱ ግን ልብ አያደርስ።
አብሮ አደጌ አሊጋዝ «አንተ ሰው» አለኝ፣
«ሚስት በዚህ ልክ ብትፈልግ፣
ይኼኔ ልጆችህ ስምንተኛ ክፍል ነበሩ።»

በመስከረም ማብቂያ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከበግ ተራው ጀርባ፣
ዝናብ አባርሮኝ አንድ ቆርቆሮ ቤት ስገባ፣
አዘዝኩ። ጎረስኩ።
ሚጥሚጣው ተናገረ። ቅቤው ሸመገለ።
ከዚያ ምላሴ ሥር አንድ ነገር «ኳ» አለ።

ተነሣሁ። እጄን ሳልታጠብ መጋረጃውን ገለጥኩ።
«ዘምዘም» ልል ነበር፤ ዋጥኩ።
ከምድጃው ፊት የቆመው ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ፣
በአሰብ መንገድ ለሾፌሮች ሲያበስል የኖረ፣
ጦይብ የሚሉት፣ የድሮ የከባድ መኪና ረዳት።
በእንሶስላ ያሞቅኋት እጅ
ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ጸጉር አላት።

አፌን ከፍቼ ስቆም፣ ቀና ብሎ አየኝ፤
ሳህኔን አየ፣ መልሶ እኔን፣
«አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ።
«የትኛው እኔ?»
«የቃሪያውን ጭራ በሳህን ጠርዝ የምትደረድር፣
እንደ ወታደር።
ሁለት ዓመት በዚያች መስኮት ሳህንህ ስትመለስ፣
ይኼ ሰው እቤቱ የሚጠብቀው የለም፣ እል ነበር።
ጉበት እጨምርልህ ነበር፣ ካንተ ሳህን ላይ ብቻ፤
አላወቅህም?»

አላወቅሁም።
የሚዛን ሰው ነኝ፤
አላወቅሁም።

«አብሽር» አለ፣ ድስቱን እየከደነ፤
«ሂድ ቁጭ በል፣ ይቀዘቅዝብሃል።»