መሮ

የዌልስ ተራራ ጥቁር ድንጋይ አለው፣
ገጽ በገጽ የሚላጥ፣ ውርጭ የማያዝለው።
እዚያ ነበረች ሜረሪድ፣ የመቃብር ጠራቢ ልጅ፣
ከአባቷ የወረሰች መሮና የጠና እጅ።
ሆዷ ገፍቶ ታየ በመከር ወራት፤
ባል የላት፣ ቀለበት የላት።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ኤዝራ መዝገቡን ዘረጋ፤
«የልጁን አባት ጥሪ» አላት፣ «ጉባኤው ሳይዘጋ።»
ዝም አለች።
የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዝናቡን ቆጠረች።
ብዕሩ ተነከረ፤ አንድ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ስሟ ጠፋ፤ መጀመሪያ በመዝገብ፣ ቀጥሎ በሰፈር።

የኤዝራ ሚስት ማርጌድ ቀሚሷን ሰበሰበች፣
ጭቃ እንደምትሻገር በአጠገቧ አለፈች።
የማርጌድ ልጅ፣ በሰባት ዓመቱ፣ ጠጠር ወረወረ፤
ግንባሯን አገኛት፤ ጠባሳው እዚያው ቀረ።
ሜረሪድ ጠጠሩን አነሳች፣ አገላብጣ አየችው፤
«ጥሩ ዓይነት ድንጋይ ነው» አለች፣ ኪሷ ከተተችው።

«ሊቨርፑል ሂጂ» አለቻት አክስቷ፣ «በሌሊት ባቡር፤
እዚያ ማን ያውቅሻል?»
«የማያውቀኝማ በምን ይፈር?»

ዓመት ዓመትን ወለደ። ነስታ ተወልዳ ሄደች፣
ፊደልን በጣቷ፣ ከድንጋይ ላይ ለመደች።
እስከ ባሕሩ ድረስ ሌላ ጠራቢ የለም፤
ሞት የጉባኤን ውግዘት አይሰማም፣ አይቆምም።
ስሟን ያጠፉት መጡ፣ ስም ሊያስጽፉ፣
ባርኔጣ በእጃቸው፣ እየሳሉ በደጃፉ።
የሁሉን ጻፈች፤ አንድ ፊደል ሳትገድፍ፣
ከዋጋው ሳትነካ፣ ከቀኑ ሳታሳልፍ።

በየካቲት ማርጌድ ሞተች።
«ስሟን፣ ዘመኗን ጻፊ፤ ከሥር ደግሞ ጨምሪ፣
‹ርኅርኅት› የሚል ቃል» አላት ያ ጠጠር ወርዋሪ፣
አሁን ጢም አብቅሎ።

ነስታ ቀና ብላ እናቷን አየች።
ሜረሪድ ግንባሯን ነካች፤ መሮዋን ሳለች።
ስሟን እስከ ጥፍር ጥልቀት አሰመጠችው፣
ልደቷንም፣ ሞቷንም፣ እኩል ቆፈረችው።
ከዚያች ቃል ስትደርስ ግን እጇ ቀለለ፤
ፊደሉ ከድንጋዩ ቆዳ አልዘለለ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰ፤
«ይቺ ሳሳችብኝ» አለ፤ ድምፁ አነሰ።
«ለእርሷ አላስከፈልኩህም» አለችው፣ ብናኙን ጠርጋ፤
«የቀረውን ዝናብ ይጨርሰው፣ ክረምትና በጋ።»

ሲወጣ መስኮቷ ላይ አንዲት ጠጠር አየ፤
ከማን እጅ እንደ መጣች ግን
አልለየ።