ያልተሣለው ዝናብ

በወረቀቴ ላይ ፀሐይ ነበር ሁሌ፣
ጣሪያውን እንደ ክንፍ ዘርግቼ በሥዕሌ፤
ሰዎቹም ግራጫ፣ ፊት አልባ ጥላዎች፣
ጃንጥላ ያልያዙ፣ ጭቃ የማያውቁ እግሮች።

ስድስት ወር ሙሉ ስብሰባ ተቀመጥን፣
በአምዱ ቀለም ላይ ቃላት ተለዋወጥን፤
አንዱ ነጭ ይሁን ሲል፣ ሌላው ሲል ቢጫ፣
ጣሪያው አንድ ሜትር አጠረ በድምፅ ብልጫ።
(እኔም እጄን አውጥቼ ነበር።)

ሥራው ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣
በሜክሲኮ አናት ባቡሩ አቋረጠ።

ሐምሌ ግን ሲመጣ ፕላን አላነበበም፣
ከላይ እንደ ደንቡ ቀጥ ብሎ አልዘነበም፤
ከጎን ነው የገባው፣ በአምዶቹ መሐል፣
አግዳሚው ወንበር ላይ ኩሬ ሆኖ ይውላል።

ትኬት የምትሸጠው ዘነበች ትባላለች፣
ከስሟ ተጣልታ ሸራ ትወጥራለች፤
በሲባጎ አስራ ከአምዱ እስከ አጥሩ ድረስ፣
ሰልፉ እንዳይበሰብስ፣ ሕፃን እንዳይርስ።
ሎተሪ አዟሪው ከሥሩ ተጠልሏል፣
ካልሲ ሻጩ ደግሞ አምዱን ተደግፏል።

«ጣሪያውን የሣለው» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ባለ መኪና ነው፤ ከየት ብሎ ሊያውቀን!»
ዝም አልኩ።
መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ባቡሩም መጣና እኔን ጥሎኝ ሄደ፣
ከጣሪያዬ ጠርዝ ላይ ውሃው እየወረደ።
ሸራዋን በስንዝር ከጫፍ ጫፍ ለካሁት፤
አምስት ስንዝር ከጣት፣ ትኬቱ ላይ ጻፍሁት፤
ገና ሳልጨርሰው
ጠብ አለበት ዝናብ።