ገጽ ገላጩ

ኅዳር ነው ማሪቦር፤ ድራቫ ጭጋግ ለብሷል፤
አዳራሹ ጠባብ፣ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል።
አርባ ሦስት ሰው ነው፣ አንድ ባንድ ቆጥሬአለሁ፤
እኔ ገጽ ልገልጥ፣ በግራዋ አለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ አገጯን ስትነቀንቅ
መነሣት፣ መግለጥ፣ ቁጭ ማለት፤ አለመታወቅ፤
ሳል ቢመጣ መዋጥ፣ ጥላዬን ከኖታው ማራቅ።

ወይዘሮ ዝደንካ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፤
በሱፍ ጓንት ተጠቅልሎ መጣ ቀጭን ጣቷ።
የቀኝ ጫማዋ ተረከዝ ባንድ ወገን አልቋል፤
የስንት ዓመት ፔዳል እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሶናታው ቀስ ብሎ እንደ ደጅ ጠኚ ገባ፤
«በላ ልበልሃ» አለ ግራ እጇ፣ ነገር ሊያስገባ፤
ቀኟ ሳቅ አለና መለሰ፣ ያለ ደባ።
አንድ የላይኛው ቁልፍ ሲነኩት ያኮርፋል፤
ታባብለዋለች፤ ዘግይቶም ይናገራል።

በአምስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ድርብ መስመር አጠገብ፣
አንዱ ባንዱ ላይ የቆመ፣ አለ ሁለት ነጥብ።
በእኔ ፊደል ይህ ምልክት ቃል ከቃል ይለያል፤
እዚህ ግን ትእዛዝ ነው፦ «ከመጀመሪያው» ይላል።
ዳሩ ግን በእርሳስ፣ በሰው እልህ፣ ተሰርዟል፤
ከጎኑም «እለፊ» የሚል ቃል ተጽፏል፤
ወረቀቱን ሊበሳው ጥቂት ነው የቀረው።
ማን ጻፈው? አልጠየቅሁም።
ሦስት ልምምድ፣ ሦስቴ፣ እንደታዘዘች አለፈችው።

ዛሬም ተነሣሁ፤ ጥጉን በሁለት ጣቴ ያዝሁ፤
አገጯን ጠበቅሁ፤
አልነቀነቀችም።
«ተመለስ» አለች፣ በትንፋሽ።
ስሎቬንኛዬ ትንሽ ናት፤ ይህቺን ግን ሰማሁ።

ወደ ቀኝ መሄድ ያልለመደ ቅጠል በእጄ ተንኮሻኮሸ፤
ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፣ ሌላው ሰዓቱን ዳሰሰ።

ያው ደጅ ጠኚ ዳግም ገባ፤ ያው ደጅ፣ ያው እግር፤
አሁን ግን ስሙን ታውቃለች፤ አታስቆመውም ከበር።
«በላ ልበልሃ» ያለው እጅ ድምፁን ቀነሰ፤
ቀኟ ከመመለሱ በፊት አንዴ ተነፈሰ፤
ያኮረፈው ቁልፍም፣ እምላለሁ፣ ቀድሞ ደረሰ።

ከዚያ ቀጠለች። ሁለተኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው፤ ስለሱ አላወራም፤
ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ገጽ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይሰማም።

ጭብጨባው ካለቀ ወዲያ፣ ጓንቷን ሳታጠልቅ ገና፣
«ላጲስ ይኖርሃል?» አለችኝ፣ ኖታውን ዘርግታ እንደገና።
አልነበረኝም።
በአውራ ጣቷ ፈተገችው፤ ጭረቱ ደበዘዘ፤
ነጥቦቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ጣቷ ጥቁረት ያዘ።

ድልድዩ ላይ ጭጋጉ እንዳለ ነው፤ አውቶቡስ ጠበቅን ቆመን፤
ያን ቁልፍ አማችው፤ ሌላውን ሳናነሣ ተለያየን።