አምስተኛው ቀንበጥ

«ያበበውን ተዪው፣ እሱስ ተናግሯል፤
ዝም ያለውን ቁረጪ፣ ገና ነገር ይዟል፤
ካንጓው ዝቅ ብለሽ፣ ባዲስ ምላጭ ስለት»
አሉኝ እትዬ ዘርፌ፣ ካዛንቺስ፣ የመጨረሻዋ ዕለት፣
ካርኔሽን ያለባትን ጓሮ አይሱዙ በጭሱ ሲሞላት።

አምስት ቀንበጥ፣ በእርጥብ ጋዜጣ፣
በታክሲ እስከ ባሻ ወልዴ፣ አራተኛ ፎቅ።
ግማሽ ሃይላንድ፣ አሸዋ፣ ከላይ ፌስታል፤
ፀሐይ እንዳይመታው ከልብስ ማስጫው ጥላ።

ሁለቱ በሰበሱ።
አንዱን የጎረቤት ድመት ጣለችው።
አንዱ ምክንያት ሳይሰጥ ደረቀ።
የእትዬ ስልክ አይነሳም፤ ገላን ጉራ ገብተዋል ይላሉ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን አምስተኛውን
በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግኩት፣ እንዳስተማሩኝ፣ ቀስ ብዬ።
እምቢ አለኝ።
ደግሜ ሳብኩት።
እምቢ።

እንደገና ደወልኩ፣
«ይዟል» የምትለዋን ቃል
ምላሴ ላይ ይዤ።